ለቆቅ እህል አትበትኑ፤ ዳርቻውን ተዉለት

ሰሞኑን ከገፈርሳ ግድብ በላይ ከሚያርሱት አባቶች አንዱ እንዲህ ብለው ጠየቁኝ፦ «ቅዳሜና እሁድ ከአዲስ አበባ ጠመንጃ ይዘው የሚመጡ ሰዎች አሉ። ቆቅና ድርጭት ከሰበሰቡልን እንከፍልዎታለን ይሉኛል። ስንዴ ገዝቼ ማሳዬ ዳር ልበትን ወይ?» ጥያቄው የእሳቸው ብቻ ስላልሆነ መልሱን እዚህ ለሁላችሁም ልጻፈው። እኔ አይበተን ባይ ነኝ።

መጀመሪያ የሕጉን ነገር እንጨርስ። በዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 541/1999 መሠረት ያለ ፈቃድ አደን ክልክል ነው። እንግዳው ፈቃዱን ካላሳያችሁ ገንዘቡን አትንኩ። እሱ መኪናውን አስነስቶ ይሄዳል፤ ተጠያቂ ሆኖ የሚቀረው ባለማሳው ነው።

አሁን ወደ እህሉ። በአንድ ቦታ የተከመረ ጥሬ ወፍ ይሰበስባል፤ እውነት ነው። ግን ሸለምጥማጡም ጭልፊቱም በየቀኑ ወፍ የሚገኝበትን ቦታ ቶሎ ይለምዳሉ። በዝናብ የራሰ እህል ይሻግታል፤ የሻጋታው መርዝ ደግሞ ለዶሮ እንደሚያሰጋ ሁሉ ለዱር ወፍም ያሰጋል። ከሁሉ የከፋው ግን ለቤት ቅርብ ሲበተን ነው። የእናንተ ዶሮዎችም ያንኑ ሊለቅሙ ይመጣሉ። ፈንግል ከዶሮ ወደ ቆቅና ድርጭት፣ ከእነሱም ወደ ዶሮ ሊተላለፍ ይችላል። ዶሮዎቻችሁን ካላስከተባችሁ አንድ ቁና ስንዴ ስንት ዶሮ ሊያስከፍላችሁ እንደሚችል አስቡት።

ደግሞስ ለጫጩት ጥሬ ምን ያደርግለታል? የቆቅም የድርጭትም ጫጩት በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚያድገው በአብዛኛው በነፍሳት ነው፤ በፌንጣ፣ በጉንዳን፣ በትል። ነፍሳቱ ደግሞ ያሉት ባልታረሰው የማሳ ወሰን ላይ፣ ሣርና ቁጥቋጦ በተቀላቀለበት ዳርቻ ነው። ያንን ዳርቻ እስከ ጎረቤት ድንበር ድረስ አርሰን፣ የቀረውን ባሕር ዛፍ ተክለንበት፣ ከዚያ ስንዴ ገዝተን ብንበትን ምን ዋጋ አለው? ጥቅጥቅ ባለ ባሕር ዛፍ ሥር እንደሆነ ሣሩም እንደልብ አይበቅል። ከመናገሻ ሱባ ጫካ ጥግ የሚያርሱ ሰዎች ጠዋት በቆቅ ጩኸት የሚነሡት እህል ስለበተኑ አይደለም፤ መደበቂያው አጠገባቸው ስላለ ነው።

ስለዚህ የኔ ምክር፦ ከማሳችሁ ዳር ሁለት ሦስት እርምጃ የሚሆን ሣር ሳይታረስ ይቆይ። አፈሩንም ከጎርፍ ይይዝላችኋል። ካጨዳችሁ በኋላ ቶሎ አትገልብጡት፤ ቃርሚያው ለጥቂት ሳምንት ይቆይ። ወፉ ቃርሚያውንም የአረሙን ዘርም አብሮ ይለቅምላችኋል። የቆቅ ወገኖች የእንግጫን ሥር ሳይቀር ጭረው ያወጣሉ፤ ያንን አረም በእጁ የነቀለ ሰው ምን ያህል ድካም እንደሆነ ያውቀዋል።

«ዘሬንስ ጭሮ ሲያወጣ?» ትሉኛላችሁ። ልክ ናችሁ፤ ያወጣል። ባቄላና በቆሎ ላይ ቆቅ ጨካኝ ነው፣ አልክድም። ግን ቆቅ ከመደበቂያው ርቆ መሄድ አይወድም፤ ጉዳቱ የሚበዛው ከቁጥቋጦው አጠገብ ባሉት መስመሮች ላይ ነው። እዚያ ዘሩን ጠለቅ አድርጋችሁ በደንብ አልብሱት፤ እስኪበቅልም ጠዋትና ወደ ማታ ልጅ ይጠብቅ። ቀትር ላይ ብዙም አይወጣም።

እባካችሁ መርዝ አታድርጉ! ይህን ስጽፍ ትንሽ ተናድጄ ነው። በፀረ ተባይ የተነከረ እህል ለቆቅ ማስቀመጥ በየሰፈሩ እየተወራ ነው። ያ ወፍ ሁልጊዜ እዚያው ወድቆ አይቀርም፤ አንዱ ይይዘውና መንገድ ዳር ይሸጠዋል፣ ሌላው ለልጆቹ ወጥ ይሠራዋል። የሞተውን የበላ ውሻ፣ የበላ ጥንብ አንሣም ይሞታል። በመድኃኒት የታሸ ዘርም እንደዚያው ነው፤ ብዙ ጊዜ ቀይ ወይም ሮዝ ቀለም የሚቀባው እንዳይበላ ለማስጠንቀቅ ነው። ስትዘሩ የፈሰሰውን ለቅማችሁ ቅበሩ እንጂ ማሳ ዳር አትተዉት።

በነገራችን ላይ ለእንቁላል ብላችሁ በቆጥ የምታረቡት ድርጭት ከዱሩ ጋር አንድ አይደለም፤ ሲበዛባችሁ «ይኑር» ብላችሁ ሜዳ ላይ አትልቀቁት።

ቡራዩ በ2015 ሸገር ከተማ ውስጥ ከገባች ወዲህ መሬቱ ነገ ምን እንደሚሆን ብዙዎቻችሁ በሥጋት ትጠይቁኛላችሁ። ነገ ቤት ሊሠራበት ለሚችል መሬት የወፍ ዳርቻ ተዉ ማለት ለአንዳንዱ ቀልድ ይመስለዋል። እኔ ግን ዘንድሮ የምታርሱትን እናውራ ነው የምለው። የድርኝ ሣር የምታጭዱ፣ ከዳር ዙሪያውን ጀምራችሁ ወደ መሐል አትሂዱ፤ ወፉን መውጫ ታሳጡታላችሁ። ከአንድ በኩል ጀምራችሁ ወደ ቁጥቋጦው እየገፋችሁ እጨዱ። ድርጭት መሬት ላይ ነው የምትጥለው፤ አሥር ያህል እንቁላል ያለበት ጎድጓዳ ካገኛችሁ በዙሪያው አንድ ክንድ ያህል ሣር ትታችሁ እለፉ። አሥራ ሰባት፣ አሥራ ስምንት ቀን ከታቀፈች በኋላ ትፈለፍላለች፤ ያንን ጭብጥ ሣር ያኔ ታጭዱታላችሁ።