ዕዳን አስቀድሞ መክፈል፦ ብልኀት ወይስ ፍርሃት?

ከማጀቴ መጥቶ አዲስ አበባ ላይ የኮንዶሚኒየም ዕዳ የሚገፋ ደመወዝተኛ፣ አገር ቤት ያሉ ወላጆቹ እጁን እየጠበቁ፣ ትርፍ ብር ባገኘ ቁጥር ወደ ባንክ ይሮጣል። በስሌት ከታየ ችኮላው ኪሳራ ነው። በ2014 ዓ.ም. የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ ነበር፤ የቤት ብድር ወለድ ግን ከዚያ እጅግ ያነሰ። ብር ሲረክስ ዕዳውም አብሮ ይረክሳል።

የሚያስቸኩለው ፍርሃት ነው። አዋጅ ቁጥር 97/1990 ባንኮች የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥተው ያለ ፍርድ ቤት መያዣን እንዲሸጡ ፈቅዷል። ሆኖም ግማሹን ዕዳ አስቀድሞ የከፈለ፣ ደመወዙ ሲቋረጥ መጠባበቂያ ከሌለው፣ ከሐራጅ አያመልጥም። ስለዚህ ቤተሰብ ጥሪቱን ያስቀድም፤ መንግሥትም በችግር ጊዜ ለተበዳሪ ፋታ የሚሰጥ ሕግ ያውጣ።