ስሕተታችንን እዚሁ እንሥራው

ዩ-2 የተባለው የአሜሪካ የስለላ አውሮፕላን እ.ኤ.አ. በ1955 መብረር የጀመረ፣ ከ21 ሺህ ሜትር በላይ የሚወጣ ነው። አብራሪዎቹን የሚያስጨንቃቸው ግን ማረፉ ነው። ዋና ጎማዎቹ እንደ ብስክሌት ፊትና ኋላ ናቸው፤ ረጃጅም ክንፎቹ መሬት አጠገብ እንኳ መንሳፈፍ አይተዉም። አብራሪው በከባድ ልብስና ቆብ ተጀቡኖ እንደልቡ ስለማያይ፣ ሌላ አብራሪ በመኪና ከኋላው እየከነፈ የቀረውን ከፍታ በሬዲዮ ይነግረዋል።

ይህን ማረፊያ በምስለ በረራ መሣሪያ የሚለማመድ ሰው አሥር ጊዜ ቢከሰከስ የሚጎዳ የለም። የአየር መንገዳችን አብራሪዎችም አዲስ አበባ ላይ በእንዲህ ያለ መሣሪያ «ሞተር ጠፋ» እየተባሉ ይፈተናሉ።

የእኛ መሣሪያ ማይክሮ ቲቺንግ ነው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በአሜሪካ በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረውም ለዚሁ ነበር፦ አስተምር፣ ተተች፣ ደግመህ አስተምር። እኛስ? «ይስቁብኛል» ብለን ቀላሉን ርእስ እንመርጣለን፤ ጓደኞቻችን ከባድ ጥያቄ አይጠይቁንም፤ በመጨረሻ ጭብጨባ! በዚህ ዓይነት ነገ ከሐዋሳ ትምህርት ቤቶች በአንዱ ስንመደብ የምንከሰከሰው ልጆቹን ይዘን ነው።

እንግዲህ የምንፈራውን ርእስ እንምረጥ። መምህራንም ለመጀመሪያው ሙከራ ማርክ ባይዙበት፣ ሁለተኛውን ቢያርሙ መልካም ነው። አድማጮችም እንደ መኪናው ሰው እንሁን፤ መሬት ለመንካት ስንት እንደቀረን የማይነግረን ጓደኛ ምኑን ጓደኛ ሆነ?