የአሮጌው ፒካፕ ባትሪ ወዴት ይቀመጥ?

ቤተሰብን የሚያኖር ዕቃ እንደ ቤተሰብ ሊጠበቅ ይገባዋል። በመርካቶ ጭነት እያመላለሰ የቤቱን ቀለብና የልጆቹን የትምህርት ወጪ የሚያገኝበት አሮጌ ፒካፕ ያለው ሰው፣ ይህን ቃል ያለ ማብራሪያ ያስተውለዋል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪናዎችን በሚያስመጣ ሰው ላይ ከባድ ታክስ ጥሏል፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከልክሏል። እንግዲህ በእጅ ያለውን አሮጌ መኪና አድሶ ማቆየት ለብዙ ቤት የኑሮ ጉዳይ ሆኗል ማለት ነው።

በዚህ ሰሞን አንድ ወዳጃችን አሮጌ ፒካፑን ለማሳደስ ወደ ሶማሌ ተራ ሲወርድ አብረነው ሄድን። በኮፈኑ ሥር ባትሪው የሚቀመጥበትን ላሜራ አሲድና ዝገት በልተውት ኖሮ፣ ባትሪው በገመድ ታስሮ ይንገዳገድ ነበር። ወጣቱ መካኒክ አይቶ፣ «ከተሳፋሪው ወንበር ሥር እናግባው፤ ቦታው ሰፊ ነው፣ ከሌባም የተሰወረ ነው» አለ። ወዳጃችንም እሺ ሊል ሲል፣ ልጇን አቅፋ የቆመችው ባለቤቱ ቀደመችው።

«ወንድሜ፣ በዚህ ወንበር ላይ የምቀመጠው እኔ ነኝ፤ ልጄንም የማቅፈው በዚሁ ላይ ነው። ይህ ዕቃ ቢተነፍስ ወዴት ይተነፍሳል?»

«እትዬ፣ ባትሪ ደግሞ ምን ትንፋሽ አለው?» ብሎ ሳቀ።

እኛ ግን የእናቲቱ ጥያቄ ትክክል መሆኑን ለአንባቢዎቻችን ልናስረዳ እንወዳለን። በተለመደው የመኪና ባትሪ ውስጥ የእርሳስ ሰሌዳዎች በውሃ በተበረዘ ሰልፈሪክ አሲድ ተነክረው ይኖራሉ። ዲናሞው ሲሞላው፣ ይልቁንም ከልክ በላይ ሲሞላው፣ ባትሪው ሃይድሮጅንና ኦክስጅን ያወጣል። ሃይድሮጅን በአየር ውስጥ ከመቶ 4 እጅ ያህል ከደረሰ አንዲት የእሳት ፍንጣሪ ትበቃዋለች። የወንበሩም የሽቦ ምንጭ በሰው ክብደት ዝቅ ብሎ ሁለቱን የባትሪ ጫፎች ቢነካ ያችን ፍንጣሪ ራሱ ይወልዳታል። ስለዚህ መስኮቱ በተዘጋ ጋቢና ውስጥ፣ ከሕፃን በታች፣ ጋዙና እሳቱ ጎረቤት ይሆናሉ ማለት ነው።

በርግጥ ከወንበር ወይም ከወለል በታች ባትሪ ማስቀመጥ አዲስ ነገር አይደለም። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1947 እስከ 1955 በአሜሪካ የተሠሩት የሸቭሮሌት ፒካፖች ባትሪያቸው ከተሳፋሪው እግር በታች፣ ከወለሉ ላሜራ ሥር ነበረ፤ የላንድሮቨር 110 ባትሪም በወንበሩ ሥር ክዳን ባለው ሣጥን ውስጥ ይቀመጣል። ነገር ግን ያን ስፍራ አስቦ ያበጀው ፋብሪካው ነው። ሣጥን፣ ክዳንና ወደ ውጭ የሚያስተነፍስ ቱቦ ሳያዘጋጁ ባትሪን ከወንበር ሥር መሸጎጥ ግን ሌላ ነገር ነው።

ወዳጃችንም፣ «እንግዲያስ ከኋላ በካሶኒው ላይ ይሁን» አለ። በዚያ አየር እንደ ልብ መኖሩ እውነት ነው። ይሁን እንጂ በመርካቶ ካሶኒ ላይ የብረት ዘንግ ይወረወራል፣ ኩንታል ይጣላል፤ ሌባም እጁን ሰዶ ያነሳዋል። ከዚህም ሌላ የገመዱ ርዝመት አለ። ሞተሪኖው ሞተሩን ሲያስነሣ 200 አምፔር ቢስብ፣ 4 ሜትር የሆነ የ16 ካሬ ሚሊሜትር የመዳብ ገመድ ብቻውን ከ12ቱ ቮልት 0.9 ያህሉን ይበላል። ወፍራሙ የ35 ካሬ ሚሊሜትር ገመድ በዚያው ርዝመት 0.4 ያህል ይበላል፤ ወደ 1 ሜትር ቢያጥር ግን 0.1 ብቻ። በሐምሌ ብርድ ማለዳ ሞተሩ አልነሣ ሲል ባትሪው እየተወቀሰ ጥፋተኛው ገመዱ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ረጅም ገመድ የግድ ከሆነም፣ ላሜራ በሚያልፍበት ቀዳዳ ሁሉ ጎማ ይልበስ፤ በባትሪው አጠገብም አቅሙ የሚመጥን ፊውዝ ይግባለት።

ይህን ሁሉ ዝም ብለው ሲያዳምጡ የቆዩ አንድ አረጋዊ መካኒክ፣ «ልጆቼ፣ የተበላሸው ላሜራው ነው እንጂ ቦታው ምን አደረገ?» አሉ። ነገሩም በዚህ ተቆረጠ። በመጀመሪያ ባትሪው ወጣ፤ ባትሪው አጠገብ እያለ መበየድ አይገባምና። የዛገው ተቆርጦ አዲስ ላሜራ ተበየደ፤ አሲዱ የነካው ሁሉ በሶዳና በውሃ ታጥቦ ቀለም ተቀባ። ሙቀት የባትሪን ዕድሜ ስለሚያሳጥር፣ ከጭስ ማውጫው በኩል መከለያ ቆመለት። ባትሪውም በገመድ ሳይሆን በብረት ማሰሪያና በብሎን ተጠፍሮ ወደ ቀድሞ ቤቱ ተመለሰ።

እንግዲህ ባትሪ ለማስቀመጥ የሚያስብ ሰው አራት ነገሮችን ይጠይቅ። ቢተነፍስ ወደ ሰው ይተነፍሳልን? ከሙቀት ይርቃልን? ለሞተሪኖው ይቀርባልን? መኪናው ቢጋጭ ወይም ቢገለበጥ ከስፍራው አይነቃነቅምን? ለሁሉም መልካም መልስ የሚሰጠው ብዙውን ጊዜ ፋብሪካው የመረጠው ቦታ ነው። ሲፈታም ከመኪናው አካል ጋር የተያያዘው ገመድ አስቀድሞ ይፈታ፤ ሲታሰር ግን በመጨረሻ ይታሰር። አሲድ ዓይን ቢነካ ሳይዘገዩ በብዙ ንጹሕ ውሃ ቢያንስ ለ15 ደቂቃ አጥቦ ወደ ሐኪም መሮጥ ያስፈልጋል።

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል። በጥድፊያ የተሸጎጠ ባትሪም እንዲሁ ነው። የወዳጃችን ፒካፕ ግማሽ ቀን ሥራ ፈታ፤ በማግስቱ ግን ጭነቱን ይዞ ወጣ፤ እናትና ልጅም በወንበራቸው ያለ ሥጋት ተቀመጡ። ከዚያ ቀን ወዲህ ያ ወጣት መካኒክ የፒካፕ ባትሪ ሲያዛውር፣ «በዚህ ወንበር ላይ የሚቀመጠው ማን ነው?» ብሎ አስቀድሞ እንደሚጠይቅ ተስፋ እናደርጋለን።