አንድ ዘር የለበሰ ማሳ

በመስከረም ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ የተጓዘ ሰው በግራም በቀኝም እኩል ቁመት ያለው ስንዴ ያያል። ዛላው ሁሉ በአንድ ቀን የወጣ ይመስላል። እኔም ይህን እያደነቅሁ ከመንገድ ወርጄ ወደ አንድ አዛውንት ገበሬ ማሳ ገባሁ። ቅጠሉን ሲያሹት ቢጫ ዱቄት በጣታቸው ላይ ቀረ። «ይኸው ልጄ፣ ዋጉ ገብቷል» አሉኝ። ከዚያ ቀና ብለው የጎረቤታቸውን ማሳ አዩ። የእርሱም ዘር ያው ነበር።

ዋግ የተባለው በሽታ አንድ ዓይነት ዘር የለበሰ ማሳን ሲመታ አገራችን በተደጋጋሚ አይታለች። በ1986 ዓ.ም. እንኮይ የተባለው ዝርያ በአርሲና በባሌ በግንድ ዋግ ወደቀ። በ2003 ዓ.ም. መግቢያ በሰፊው ይዘራ የነበረውን ኩብሳን ቢጫ ዋግ መታው። ገበሬው ቢጫ ዋግን የሚቋቋመውን ዲገሉን ያዘ፤ በ2006 ዓ.ም. ደግሞ ዲገሉን የግንድ ዋግ ጨረሰው። ሁሉም ሲለቀቁ ተስፋ የተጣለባቸው ነበሩ።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። የብዙ ዝርያዎች መከላከያ የቆመው በጥቂት ዘረ መሎች ላይ ነው። በነፋስ የሚጓዘው ዋግ ደግሞ ይለወጣል፤ አንዱን ዝርያ ማለፍ ከቻለ ያ ዝርያ የለበሰው ማሳ ሁሉ ይከፈትለታል። ኩብሳ ሜክሲኮ ካለው ዓለም አቀፍ የስንዴና የበቆሎ ማዕከል የመጣ ነው። ከዚያው ሐረግ የወጣ ዝርያ በሕንድ ሰፊ መሬት ይዞ ነበር፤ እርሱንም ቢጫ ዋግ አልማረውም።

መድኃኒቱ ግን ከእኛው ዘንድ አለ፤ እርሱም የጥንት ዘራችን ብዛት ነው። ሩሲያዊው ሊቅ ኒኮላይ ቫቪሎቭ እ.ኤ.አ. በ1927 አገራችንን ዞሮ በዱረም፣ ማለትም በማካሮኒ ስንዴ ብዛት ተደንቆ ዘር ሰብስቦ ሄደ። እ.ኤ.አ. በ1976 የተቋቋመውና ዛሬ የብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት የሆነው ማዕከልም፣ ዶክተር መላኩ ወረደ ሲመሩት፣ የገበሬውን ዘር ከገበሬው ጋር ሆኖ መጠበቅን ለዓለም አሳየ። እውነት ነው፣ የዳቦ ስንዴና ዱረም በዘረ መል ይለያያሉ፤ ከአንዱ ወደ ሌላው መከላከያ ማሻገር ዓመታት ይወስዳል። ቢሆንም ይቻላል፤ ዱረሙ ራሱም ለፓስታ ፋብሪካ ይፈለጋል።

በመቄት ገረገራና በትግራይ ሐገረ ሰላም ስልሳ ወንድና ሴት ገበሬዎች 400 የዱረም ዓይነቶችን በማሳ መርጠዋል። ጥናቱን ያካሄዱት ተመራማሪዎችም የገበሬው ዓይን በላቦራቶሪ መለኪያ ላይ የሚጨመር እውቀት መሆኑን እ.ኤ.አ. በ2017 ጽፈዋል። ይህ በምዕራብ ጎጃምም ሊሠራ ይገባል። አዴት የምርምር ማዕከል ከደጃችን ነው፤ የጃቢ ጠህናንና የወንበርማ ገበሬም አፈሩን ያውቃል።

ምርጥ ዘርን አልነቅፍም፤ ብዙ ቤት አጥግቧል። የምለው ምርጡም የሚወለደው ከብዙ ዓይነት ዘር ነው፤ ብዙውን ካጠፋን ነገ የምናዳቅለው አይኖረንም። የግብርና ባለሙያዎች ሆይ፣ በአንድ ቀበሌ ሁለት ሦስት ዝርያ ይዘራ ዘንድ ምከሩ። እናቶችና አባቶች ሆይ፣ ከጎታ ሥር አንድ ቁና የጥንት ስንዴ ካላችሁ ፈጭታችሁ አትጨርሱት። ተቀምጦ የኖረ ዘር ውሎ አድሮ ማብቀል ያቆማልና፣ በማሳችሁ ዳር ጥቂት ትልም ለይታችሁ በየዓመቱ ዝሩት።