ሕያው ሸቀጥ በማዳበሪያ ሚዛን አይሸጥም

ዝናብ በተዛባ ቁጥር “ድርቅን ያስችላል” የሚል ጽሑፍ የተለጠፈበት የግብርና ግብዓት ገበያ ላይ መብዛቱ የተለመደ ነው። ከእነዚህ አንዱ ማይኮራይዛ በመባል የሚታወቁት፣ ከሰብል ሥር ጋር ተዛምደው የሚኖሩ ጠቃሚ የአፈር ፈንገሶች ናቸው። ነጋዴው ይህን ዕቃ እንደ ዳፕና ዩሪያ ቆጥሮ ከገባበት ግን መክሰሩ አይቀርም፤ ከእርሱ በፊት ደግሞ ገበሬው ይከስራል።

የፈንገሱ ሥራ ራሱ ንግድ ነው። ከፀጉር የቀጠነ ክሩን የተክሉ ሥር ወደማይደርስበት የአፈር ቀዳዳ እየላከ ፎስፈረስና ውሃ ያመጣል፤ ተክሉም በምላሹ ስኳር ይከፍለዋል። ጤፍ፣ በቆሎና ስንዴ ደንበኞቹ ሲሆኑ ጎመን ዘርና ሰናፍጭ አይደሉም። ማሳው በፎስፈረስ ማዳበሪያ ከጠገበም ተክሉ ሸሪኩን ችላ ይላል።

በስዊዘርላንድ 54 የበቆሎ ማሳዎች ላይ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2023 የታተመው ጥናት ለገበያው ትልቅ ትምህርት አለው። ፈንገሱ ሲጨመር የበቆሎው ዕድገት በአንዳንዱ ማሳ እስከ 40 በመቶ ሲጨምር፣ በሌላው እስከ 12 በመቶ ቀንሷል። ዕቃው አንድ ነው፤ የተለያየው አፈሩ ነው። በሽታ አምጪ ፈንገስ የበዛበት ማሳ የበለጠ ተጠቅሟል።

ሌላው ችግር መጋዘኑ ነው። ፈንገሱ ያለ ሕያው ሥር ስለማይራባ ማምረቱ ውድ ነው፤ ሙቀት ውስጥ ከከረመም ይሞታል። የሞተውንና ያለውን ዱቄት ደግሞ በዓይን መለየት አይቻልም። በመሆኑም አስመጪው ውሉ ላይ የላቦራቶሪ ምርመራ፣ የመጠቀሚያ ጊዜና የማጓጓዣ ሙቀት ሳያስፍር ገንዘቡን ባይለቅ ይመረጣል።

“ገበሬው ሞክሮ ይፍረድ” የሚሉ አይጠፉም። ይሁን እንጂ ለከተማው ባለሀብት የአንድ ኮንቴይነር ኪሳራ የሆነው ነገር፣ በዱቤ ለገዛው ገበሬ የዓመት ቀለብ ነው። ሙከራው በሻጩ ወጪ፣ በጥቂት ጥማድ፣ ፈንገስ ካልገባበት ማሳ ጎን ለጎን መካሄድ አለበት።

ከሁሉም በላይ ፈንገሱ በብዙ ማሳዎች ቀድሞውኑ አለ፤ የሚበጣጥሰው የተደጋገመ እርሻ ነው። እርሻን መቀነስና ማሳን ባዶ አለማስተው የውጭ ምንዛሪ አይጠይቅም። እንግዲህ ከረጢቱ ከመገዛቱ በፊት አፈሩ ይመርመር።