ሮቦቱ ሳይሆን ትራሱ

በክፍል ውስጥ ስለ ሮቦት ቀዶ ሕክምና ባነሣሁ ቁጥር ከተማሪዎቼ የሚቀርብልኝ ጥያቄ ስለ ክንዶቹ፣ ስለ ካሜራውና ስለ ዋጋው ነው። አድናቆታቸው ተገቢ ነው። ዳ ቪንቺ የተባለው መሣሪያ እ.ኤ.አ. በ2000 በአሜሪካ ለሆድ ዕቃ ቀዶ ሕክምና ተፈቀደ፤ ኩላሊትን ሳያወጡ ዕጢውን ብቻ ቆርጦ ለማንሣት መዋሉን የሚገልጹ ሪፖርቶች ደግሞ በ2004 መታተም ጀመሩ። ሆኖም የፊዚክስ ተማሪ አስቀድሞ ሊጠይቀው የሚገባ ሌላ ነገር አለ። ለመሆኑ በሽተኛው እንዴት ተኝቷል?

ኩላሊት ከአንጀት ኋላ፣ ወደ ጀርባ ተጠግቶ የሚገኝ አካል ነው። ስለዚህ በሽተኛው ጤነኛውን ጎን ወደ ታች አድርጎ፣ ከ45 እስከ 90 ዲግሪ በሚደርስ ማዕዘን በጎኑ እንዲተኛ ይደረጋል። በዚህ ጊዜ አንጀቱ በገዛ ክብደቱ ወደ ታች ወርዶ መንገዱን ይለቃል። የመሬት ስበት ደመወዝ የማይጠይቅ ረዳት ነው ማለት ይቻላል። በጎድን አጥንትና በዳሌ መካከል ያለው ቦታ እንዲሰፋም አንዳንድ ጊዜ አልጋው ከወገብ ላይ ይታጠፋል።

ማናችንም ብንሆን ሌሊቱን ሙሉ በአንድ ጎን አንተኛም፤ እንቅልፍ ላይ ሳለን እንኳ ሰውነታችን የተጫነው ጎን ሲታክት ይገላበጣል። ማደንዘዣ የተሰጠው ሰው ግን አይገላበጥም፣ «ጎኔን አመመኝ» ብሎም አይናገርም። ሕመም የሚሰጠው ማስጠንቀቂያ ከጠፋ በኋላ በቦታው ሊተካ የሚችለው የሌሎች ሰዎች ስሌትና ጥንቃቄ ብቻ ነው።

ስሌቱም ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት አያልፍም። 300 ኒውተን የሚሆን ክብደት 100 ካሬ ሴንቲ ሜትር በሆነ የዳሌ ክፍል ላይ ቢያርፍ ግፊቱ 30,000 ፓስካል፣ ማለትም 225 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ገደማ ይሆናል። ኢዩጂን ላንዲስ እ.ኤ.አ. በ1930 ባሳተመው ጥናት በሰው ጣት ላይ ባሉ እጅግ ቀጫጭን የደም ሥሮች መግቢያ ያገኘው አማካይ ግፊት 32 ነበር። ያው ክብደት በወፍራም ስፖንጅ አማካይነት በ800 ካሬ ሴንቲ ሜትር ላይ ቢሰራጭ ግፊቱ ወደ 28 ይወርዳል። እርግጥ ሥጋ ጡብ አይደለም፤ ግፊቱ በውስጡ እኩል አይሰራጭም፤ አጥንቱ አጠገብ እንዲያውም ከቆዳው ላይ ይልቅ ሊበረታ ይችላል።

ደም ለሰዓታት የተነፈገ ጡንቻ ይሞታል። ሲሞትም ሚዮግሎቢን የተባለ ፕሮቲን ወደ ደም ይለቃል፤ ይህ ፕሮቲን በኩላሊት የሚጣራ በመሆኑ ሲበዛ ኩላሊቱን ይጎዳል። ልብ በሉ፤ ኩላሊትን ለማትረፍ የተደረገ ቀዶ ሕክምና በዳሌ በኩል ዞሮ ኩላሊትን ሊጎዳ ይችላል ማለት ነው። ጉዳቱ ዘወትር የሚያጋጥም አይደለም፤ ይሁን እንጂ ሰውነታቸው የከበደና ቀዶ ሕክምናው የረዘመባቸው ሰዎች ይበልጥ ይጋለጣሉ። እኔን የሚገርመኝ የሰዓት አያያዙ ነው። ዕጢው ሲቆረጥ ወደ ኩላሊቱ ደም የሚወስደው ቧንቧ ስለሚቆነጠጥ ደቂቃው በጥብቅ ይቆጠራል፤ ብዙውን ጊዜም ከ25 እስከ 30 ደቂቃ እንዳያልፍ ይጣራል። ከታች ለተጫነው ዳሌ ግን ማን ይቆጥርለታል?

ሮቦቱ በበኩሉ ሌላ ግዴታ ያመጣል። ክንዶቹ የሚዞሩት በሆድ ግድግዳ ላይ ባለ አንድ ቋሚ ነጥብ ዙሪያ ነው። ሰውየው ከተንሸራተተ ነጥቡ ቦታውን ይለቃል፤ የገቡት መሣሪያዎችም የሆዱን ግድግዳ ይጎትታሉ። አልጋው 15 ዲግሪ ቢያዘነብልና በሽተኛው ባይታሰር፣ የሰበቃ ቁጥሩ ከ0.27 ካነሰ መንሸራተቱ አይቀርም። በስሌቱ ውስጥ ክብደት ስለሚሰረዝ «ከባድ ሰው አይነቃነቅም» የሚለው ግምት አያዋጣም። በመሆኑም በሽተኛው በሰፊ ቀበቶ ይታሰራል፤ ቀበቶው ከመጠን በላይ ከጠበቀ ደግሞ ራሱ ሌላ ግፊት ነው። ከብብት ዝቅ ብሎ በደረት ጎን የሚቀመጠው ጥቅል ትራስም ወደ ክንድ የሚሄዱት ነርቮች እንዳይጨፈለቁ ይከላከላል፤ ብብት ውስጥ ቢወሸቅ ግን የሚጨፈልቃቸው እሱው ነው።

አንድ ባልደረባዬ ይህን ሁሉ ሰምቶ «ይህ የነርሶች ሥራ እንጂ ፊዚክስ አይደለም» አለኝ። አልተስማማሁም። በፈተናዎቻችን ላይ ለዓመታት በተዳፋት ሲንሸራተት የኖረው የእንጨት ጡብ ቦታውን ለሰው ቢለቅ ምን ይጎድልብናል? ባለፈው መንፈቅ ዓመት ሞክሬዋለሁ። የበሽተኛውን ክብደት፣ የስፖንጁን ስፋትና የአልጋውን ማዕዘን ሰጥቼ ስሌቱን ጠየቅሁ። አንዲት ተማሪ እጇን አውጥታ «መምህር፣ ለስንት ሰዓት ነው የሚተኛው?» አለችኝ። ጥያቄው ላይ አልጻፍኩትም ነበር።