የተማሪዎች ካምፕ፦ ሳይጠይቁ መፈረምም ሳይጠይቁ መከልከልም አይበቃም

«የወጣቶች አመራርና የቡድን ሥራ ካምፕ» የሚል የፈቃድ ወረቀት በልጆቻችን ቦርሳ መምጣት ከጀመረ ቆየት ብሏል። በተለይ በግል ትምህርት ቤቶች የድሮው የአንድ ቀን ሽርሽር ወደ ሁለትና ሦስት ቀን ቆይታ እየተለወጠ ነው። መድረሻው ላንጋኖ፣ ቢሾፍቱ፣ ወንጪ ወይም የመናገሻ ሱባ ደን ሊሆን ይችላል። ተማሪዎቹ ድንኳን ይተክላሉ፣ በቡድን ይወዳደራሉ፣ ማታ እሳት ከበው ስለ ዕለቱ ውሎ ይነጋገራሉ።

ይህ ወረቀት ሙስሊም ቤት ሲደርስ ብዙ ጊዜ ከሁለት አንዱ ይሆናል። አንዱ ወላጅ «ልጄ ከጓደኞቹ አይነስ» ብሎ ምንም ሳይጠይቅ ይፈርማል። ሌላው «ሰላቱስ? ምግቡስ? የወንድና የሴቱ ነገርስ?» ብሎ ይጨነቅና መልሱን ከትምህርት ቤቱ ሳይሰማ ይከለክላል። የመጀመሪያው ልጅ ሦስት ቀን ሰላቱን እያሳለፈ ሊመለስ ይችላል። ሁለተኛው ቤት ይቀራል፤ ሰኞ ጠዋት ጓደኞቹ የሚያወሩትን ሁሉ በዝምታ ያዳምጣል። ሁለቱም ወላጆች ለልጃቸው አስበው ነው፤ ሁለቱም ግን ትምህርት ቤቱን አላናገሩም።

ነገሩን ስናየው አብዛኞቹ እንቅፋቶች ከጉዞው ጥቂት ሳምንታት በፊት በሚደረግ አንድ ውይይት የሚፈቱ ናቸው። የማይፈቱት ጥቂት ናቸው፤ ለእነሱም አማራጭ አለ።

ካምፑ ምንድን ነው የሚያስተምረው?

የካምፕ ሥልጠና መነሻው ከመቶ ዓመት በፊት ነው። እንግሊዛዊው ባደን ፓወል በ1907 እ.ኤ.አ. ከተለያየ የኑሮ ደረጃ የመጡ 20 ያህል ልጆችን ብራውንሲ በምትባል ደሴት ላይ በትንንሽ ቡድን ከፍሎ አሰፈረ፤ ለየቡድኑም ከልጆቹ መካከል መሪ ሾመ። የስካውት እንቅስቃሴ የተወለደው ከዚያ ነው። ዛሬ የምናያቸው የካምፕ ሥልጠናዎችም በመሠረቱ ይህንኑ ይከተላሉ፦ ትንሽ ቡድን፣ ተራ በተራ መምራት፣ ብቻውን ማንም የማይወጣው ሥራ፣ በመጨረሻም «ምን ተሳካ? ምን ተበላሸ?» ብሎ መገማገም።

ሙስሊሞች ይህን መሣሪያ ለራሳቸው ዓላማ ማዋል ከጀመሩም ቆይተዋል። በአልጄሪያ ሙሐመድ ቡራስ የመሠረተው የአልጄሪያ ሙስሊም ስካውት በቅኝ ግዛት ዘመን ወጣቶችን በዲናቸውና በአገር ፍቅር አንጾ አውጥቷል። መሥራቹን ፈረንሳዮች በ1941 እ.ኤ.አ. ቢገድሉትም ድርጅቱ ዛሬም አለ። በፈረንሳይ ራሷም ከ1990 እ.ኤ.አ. አንስቶ የሙስሊም ስካውቶች ማኅበር ይንቀሳቀሳል።

በዲናችን ውስጥ ደግሞ መሠረቱ ከዚህ ሁሉ በፊት ነበረ። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ሦስት ሰዎች ለጉዞ ሲወጡ ከመካከላቸው አንዱን መሪ እንዲያደርጉ ማዘዛቸውን አቡ ዳውድ ዘግበዋል። ሦስት ሰው ብቻ! ጉዞ የአመራር ትምህርት ቤት መሆኑን ከዚህ በላይ የሚያሳይ ነገር ማግኘት ይከብዳል። በአምስተኛው ዓመተ ሒጅራ በኸንደቅ ዘመቻ ሰሐቦች በቡድን ተከፍለው ምሽግ ሲቆፍሩ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) አብረዋቸው አፈር ይሸከሙ ነበር፤ የቁፋሮውን ሐሳብ ያመጣው ደግሞ ከፋርስ የመጣው ሰልማን (ረ.ዐ) ነበር። ኡሳማ ኢብኑ ዘይድ (ረ.ዐ) ታላላቅ ሰሐቦች ያሉበትን ጦር እንዲመራ ሲሾም ገና 18 ዓመት ገደማ ነበር። ጠንካራ ሙእሚን ከደካማው ይልቅ አላህ ዘንድ ተወዳጅ መሆኑን የሚናገረው የሙስሊም ሐዲስም ለሁላችን የታወቀ ነው።

ለምን አሁን አሳሳቢ ሆነ?

የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በ2015 ዓ.ም. በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች መሰጠት ከጀመረ ወዲህ በርካታ ተማሪዎች ከቤት ርቀው ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያድሩት ለዚያ ፈተና ሲሄዱ ነው። ከዚያ ብዙም ሳይቆይ ዩኒቨርሲቲ ይመደባሉ፤ ምደባው ደግሞ ከቤተሰብ ብዙ መቶ ኪሎ ሜትር ሊርቅ ይችላል።

በመምህርነት በቆየሁባቸው ዓመታት ደጋግሜ የታዘብኩት አንድ ነገር አለ። ቤት ውስጥ እናቱ ለሱብሒ የምትቀሰቅሰው ልጅና በራሱ የሚነሳ ልጅ የሚለዩት ከቤት ሲወጡ ነው። ማንም ሳያዘው ውዱእ አድርጎ መነሳት፣ በማያውቃቸው ልጆች ፊት «አንድ ጊዜ ሰግጄ ልምጣ» ማለት፣ የማይበላውን ምግብ ሰው ሳያስቀይም መተው፣ የገዛ ልብሱን ማጠብ፣ ጓደኛ ሲገፋፋው እምቢ ማለት፦ እነዚህ በልምምድ የሚመጡ ናቸው። ሦስት ቀን፣ የሚያውቃቸው መምህራን ባሉበት፣ ወላጅ ስልክ ደውሎ በሚያገኘው ቦታ መለማመድ ይሻላል ወይስ በ18 ዓመቱ ለአራትና አምስት ዓመት በሚቆይበት ግቢ ውስጥ መጀመር?

ሌላም አለ። የክፍል አለቃ፣ የክበብ ሰብሳቢ፣ የተማሪ ተወካይ የሚሆኑት ብዙ ጊዜ እንዲህ ባለው መድረክ የታዩና የተዋወቁ ልጆች ናቸው። የእኛ ልጆች ሁልጊዜ ቀሪ ከሆኑ ኋላ ላይ «ሙስሊም ተማሪ ለምን አልተወከለም?» ብለን ስንጠይቅ የምላሹ አንድ ክፍል እኛው ቤት ይሆናል።

ሰላት፦ አምስት ወቅት፣ ሁለት ግጭት

«ፕሮግራሙ ለሰላት አይመችም» የሚለውን ስጋት በሰዓት እንየው። ሱብሒ ሌሊት 11 ሰዓት አልፎ ነው፤ የካምፕ ፕሮግራም ገና አልተጀመረም። ዙህር ከቀኑ 6:30 አካባቢ ይገባል፤ ከምሳ እረፍት ጋር ይገጥማል። ዒሻ ከእራት በኋላ ነው። የሚጋጩት ሁለቱ ብቻ ናቸው፦ ከሰዓት በኋላ ውድድሩ በጦፈበት የሚገባው ዐስርና እሳት ዙሪያ መቀመጥ በሚጀመርበት ሰዓት የሚገባው መግሪብ። ዐስር ሰፊ ጊዜ አለው፤ በጨዋታዎች መካከል ያለው የውኃ እረፍት ይበቃዋል። መግሪብ ጠባብ ስለሆነ የማታው ፕሮግራም ሩብ ሰዓት ዘግይቶ እንዲጀምር መጠየቅ ግድ ይላል። ከትምህርት ቤቱ የምንፈልገው ይህንኑ ነው፦ አንድ የውኃ እረፍትና ሩብ ሰዓት፣ በተጨማሪም ንጹሕ ቦታና ለውዱእ የሚሆን ውኃ።

ርቀቱም ልዩነት አለው። ብዙሃኑ ዑለማ ሰላት ለማሳጠር የሚያስቀምጡት ርቀት በዛሬው መለኪያ 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከአዲስ አበባ ቢሾፍቱ 45 ኪሎ ሜትር አካባቢ ስለሆነ እዚያ የሚሰፍር ልጅ ሙሉ ይሰግዳል። ላንጋኖ ግን 200 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው። በአገራችን በስፋት በሚሠራበት የሻፊዒይ መዝሀብ፣ ቆይታው የገባበትና የሚወጣበት ቀን ሳይቆጠር አራት ቀን ካልሞላ፣ ተጓዡ ዙህርን፣ ዐስርንና ዒሻን ማሳጠር፣ ዙህርን ከዐስር እንዲሁም መግሪብን ከዒሻ ማጣመር ይችላል። ይህን ያልተማረ ልጅ ሰዓቱ ያለፈው ሲመስለው ጭራሽ ይተወዋል። ስለዚህ ከመሄዱ በፊት በነበረው ምሽት አባት ወይም ኡስታዝ ሩብ ሰዓት ወስዶ ስለ ሰላተል ሙሳፊር፣ ስለ ተየሙምና ስለ ቂብላ ያስረዳው። ጁሙዓ የሚውልበት ጉዞ ከሆነ ደግሞ መነሻው ከሰላት በኋላ እንዲሆን መጠየቅ ከሁሉም ይቀላል።

ምግብ

የሥጋ ነገር በአገራችን አዲስ አይደለም። ሙስሊሙ የሙስሊም፣ ክርስቲያኑ የክርስቲያን እርድ ነው የሚበላው፤ ሠርግ ላይ ሁለት ድንኳን፣ ሁለት ድስት የለመድነው ነው። የሦስት ቀን ካምፕ ላይ ሁለት ማብሰያ ማዘጋጀት ወጪው የከበደው ትምህርት ቤት ቀላል መውጫ አለው፦ ምግቡን በሙሉ የጾም ማድረግ። ሽሮ፣ ምስር፣ ፓስታ፣ አትክልት፣ ሩዝ ለሁሉም ይሆናል። ረቡዕና ዓርብ ለሚጾሙት ኦርቶዶክስ ልጆችም ይመቻል፤ በሙቀት የሚበላሽ ሥጋ ይዞ ከመዞርም ያድናል። ልጆቹ ከአንድ ሰፌድ አብረው መብላታቸው ደግሞ ካምፑ ሊያስተምር የፈለገው ነገር ራሱ ነው።

የሴት ልጆቻችን ጉዳይ

ከባዱ ጥያቄ ይህ ነው። ሴት ልጅ ያለ መሕረም ርቃ ስለመጓዟና ስለማደሯ የዑለማው ቃል የታወቀ ነው፤ በዝርዝሩ ላይ ያለውን ልዩነት ወላጅ ከሚያምነው ዓሊም ይጠይቅ። ግን ጥያቄው እዚህ ላይ እንዲያበቃ ማድረግ ልክ አይደለም። ወንድ ልጃችንን ልከን ሴቷን «አንቺ ቅሪ» ብለን ምንም ምትክ ካልሰጠናት የከለከልናት ጉዞውን ብቻ ሳይሆን ትምህርቱንም ጭምር ነው። እሷም ነገ ለብቻዋ ዩኒቨርሲቲ ትመደባለች።

አማራጮች አሉ። እንጦጦ ፓርክ ወይም የጉለሌ ዕፅዋት ማዕከል ላይ ጠዋት ተጀምሮ ከመግሪብ በፊት የሚያልቅ የቀን ካምፕ ማደርን አይጠይቅም፤ የቡድን ሥራውና የአመራር ልምምዱ ግን ሳይጎድል ሊሰጥ ይችላል። ትምህርት ቤቱ የሴቶች ቡድን ለብቻ በሴት መምህራን እንዲመራ ማድረግ ይችላል፤ እናቶችም አብረው ሊውሉ ይችላሉ። ጨዋታዎቹንም አስቀድሞ መጠየቅ ያስፈልጋል። ዓይን ተሸፍኖ በሌላ ሰው እጅ መመራት፣ ወደ ኋላ ወድቆ በጓደኞች መያዝ የመሳሰሉት በካምፕ የተለመዱ ናቸው፤ ወንድና ሴት በተለያየ ቡድን ሲሆኑ ችግሩ ይወገዳል። ገመድ መውጣትና መሮጥ ካለ ሒጃቧን ሳትነካ የሚመች ሰፊ ልብስ እንድትለብስ በጽሑፍ ማስፈቀድ ነው። በ2017 ዓ.ም. በአክሱም ሒጃብ የለበሱ ተማሪዎች ከፈተና ምዝገባ ሲታገዱ ያየነው ክርክር በካምፕ የአለባበስ ደንብ በኩል እንዳይመለስ ከወዲሁ ግልጽ መሆን ይሻላል።

«ትምህርት ሴኩላር ነው» ለሚሉ

አንዳንድ ትምህርት ቤቶች የሰላት ጥያቄ ሲነሳ የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 90 ይጠቅሳሉ፤ ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነፃ ሆኖ ይሰጣል ይላል። ልክ ነው። ያው ሕገ መንግሥት ግን በአንቀጽ 27 የእምነት ነፃነትንና ወላጆች ልጆቻቸውን በእምነታቸው የማሳደግ መብታቸውን ያረጋግጣል። በመደበኛው የትምህርት ቀን «ከግቢ ውጪ ስገድ» ማለት ይቻል ይሆናል። ካምፕ ላይ ግን ተማሪው ሌት ተቀን በትምህርት ቤቱ እጅ ነው፤ «ከግቢ ውጪ» የሚባል ቦታ የለውም። ትምህርት ቤቱ ሰላት እንዲያሰግድ የጠየቀ የለም። ሰዓቱን እንዳይዘጋ ብቻ ነው የተጠየቀው፤ ይህ ደግሞ እሑድ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን መሄድ ለሚፈልገው ልጅም እኩል መከበር አለበት።

መጪዎቹ የጥር ወራት

አንድ ነገር ከወዲሁ ልብ እንበል። በደጋው አገር ክረምቱ ለድንኳን አይሆንም፤ ለካምፕ የሚመቸው በጋው፣ በተለይም በሁለቱ መንፈቅ ዓመታት መካከል ያለው እረፍት ነው። ረመዷን ደግሞ በየዓመቱ አሥር አሥራ አንድ ቀን ወደ ኋላ እየመጣ ነው፦ በ2019 ዓ.ም. የካቲት መግቢያ ላይ፣ በ2020 ዓ.ም. በጥር ሁለተኛ አጋማሽ፣ በ2021 ዓ.ም. በጥር የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አካባቢ ይጀምራል ተብሎ ይጠበቃል። የካምፑ ወቅትና የጾማችን ወር እየተገጣጠሙ ነው ማለት ነው። ትምህርት ቤቶች የዓመቱን ካላንደር የሚያወጡት በመስከረም ስለሆነ ጥያቄያችንም በመስከረም መቅረብ አለበት። በጥር ተነስቶ «ረመዷን ነውና ቀኑን ቀይሩልን» ማለት ይረፍዳል።

የራሳችን ድርሻ

ትምህርት ቤቶችን ስንጠይቅ ራሳችንንም እንጠይቅ። መስጂዶቻችን፣ መድረሳዎቻችንና ጀመዓዎቻችን ለወጣቱ የሚያዘጋጁት አብዛኛው ፕሮግራም በአዳራሽ ነው፦ አንዱ ይናገራል፣ ሦስት መቶው ያዳምጣል። ጠቃሚ ነው፤ ነገር ግን ሲያዳምጥ የኖረ ወጣት መምራትን በማዳመጥ ብቻ አይማርም። አንድ መድረሳ በዓመት አንዴ ሠላሳ ልጆችን ለቀን ካምፕ ቢያወጣ፣ ኢማምነቱን፣ ምግብ ማብሰሉን፣ ሰዓት መጠበቁን፣ ገንዘብ ያዡን በተራ ቢያስይዛቸው የሚጠይቀው ወጪ ከአንድ ትልቅ ኮንፈረንስ ብዙ ያነሰ ነው። በዚያ ውስጥ ግን አማናው መጥበቅ አለበት፦ የሚታወቁ ኃላፊዎች፣ ለሴቶች ሴት ኡስታዛዎች፣ የመጀመሪያ እርዳታ የሚያውቅ ሰው፣ ሐይቅ ዳር ከሆነ ዋና የሚችል ተቆጣጣሪ፣ የየወላጁ ስልክ። «የመስጂድ ፕሮግራም ነው» ተብሎ ጥንቃቄ የሚላላበት ምክንያት የለም።

ውድ ወላጆች፣ የሚቀጥለው ወረቀት ሲመጣ ከመፈረማችሁም ከመከልከላችሁም በፊት ለትምህርት ቤቱ እነዚህን አምስት ጥያቄዎች በጽሑፍ አቅርቡ፦

1. የዐስርና የመግሪብ ሰዓት በፕሮግራሙ ላይ የት ነው?

2. ምግቡ ምንድን ነው? ሥጋ ካለስ የማን እርድ ነው?

3. ማደሪያው፣ መታጠቢያውና ቡድኖቹ ለወንድና ለሴት ተለይተዋል? ሴቶቹን የሚመሩትስ እነማን ናቸው?

4. ስንት ተማሪ በስንት መምህር ይጠበቃል? ለሕመምና ለአደጋ ምን ተዘጋጅቷል?

5. ማደር ለማይችሉ ተማሪዎች የቀን አማራጭ አለ?

ብቻችሁንም አትሂዱ። የአንድ ወላጅ ጥያቄ እንደ ቅሬታ ሊታይ ይችላል፤ አሥር ወላጆች ተፈራርመው ሲያቀርቡት ግን ትምህርት ቤቱ በዕቅዱ ውስጥ ያስገባዋል። መልሱ ካላረካችሁ ያኔ መከልከል መብታችሁ ነው፤ ልጃችሁም ምክንያቱን አውቆ ይቀበላል። ካረካችሁ ደግሞ ሸኙት። በጓደኞቹ መካከል ሰጋጃውን አንጥፎ የቆመ ልጅ የካምፑን ዋና ትምህርት አግኝቷል።

አላህ ልጆቻችንን በዲናቸው የጸኑ፣ ለአገራቸውና ለሕዝባቸው የሚጠቅሙ መሪዎች ያድርግልን። አሚን።